አራቱ ይተኛሉ የተባለላት መኪና

ጥቅምት 7 ቀን 2002

ቅዳሜ። ወፍጮዬን ከሸጥኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምይዘው የምጨብጠው የለኝም። ደጃፌ ላይ ቆሜ ገበያተኛ ሳይ አረፈድኩ። "ኢያቄም፣ እንዴት አደርክ?" ይላሉ እያለፉ። ሁሉም የድሮ ደንበኞቼ ናቸው። መብራት ሲገባ ወደ መብራት ወፍጮ ሄዱ። አልፈርድባቸውም። የእኔ ወፍጮ ጭሱ ከዱቄቱ ይበልጥ ነበር።

አሊ ከወልድያ ቲማቲም ጭኖ ሲመለስ ጎራ አለ። ያቺ አሮጌ ናፍጣ ፒክአፑ ቆማ እንኳ ትንቀጠቀጣለች።

"ፈረንጆቹ ጨርሰው ሊሄዱ ነው። መኪናቸው ሐራጅ ትወጣለች" አለኝ። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ ሲያጠኑ የከረሙትን ማለቱ ነው።

"የቷ? ያቺ ትልቋ ፒክአፕ?"

"እሷ። ግን ቤንዚን ናት፤ ስምንት ሲሊንደር። ወላሂ፣ እንዳትነካት።"

እንዳትነካት ባይለኝ ኖሮ አላስባትም ነበር...

ጥቅምት 11

ነካኋት።

ጥቅምት 12

ትናንት ከአንድ ቃል በላይ መጻፍ አቃተኝ። ዛሬ በእርጋታ።

ነጭ ናት። አሜሪካ የተሠራች። የአንዱ በሯ ስፋት የቤቴን በር ያህላል። ቁልፉን ሲያስረክበኝ ፈረንጁ በአስተርጓሚ አንድ ነገር ነገረኝ። ከስምንቱ ሲሊንደሮች አራቱ ሥራ ሲቀል ይተኛሉ! የሚያስተኛቸው ኮምፒውተር ነው። ዳገት ሲመጣ ወይ ነዳጅ ሲረገጥ ይነቃሉ፤ መንገዱ ሲቀል ተመልሰው ይተኛሉ። ከመሪው ኋላ ትንሽ መስኮት አለች። ስምንቱም ሲሠሩ 8 ትላለች፤ አራቱ ሲተኙ 4።

እኔ በዕድሜዬ የማውቀው ሞተር የወፍጮዬን ነው። አንድ ሲሊንደር ነበረው። አንድ ቀን ተኝቶ አያውቅም፤ እኔንም አላስተኛኝም።

እንግዲህ አራቱ ከተኙ ነዳጁ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ፈረንጁ "ግማሽ" አላለም። ግን ይሄ ምን ፈረንጅ ይፈልጋል? ስምንት ለሁለት ሲካፈል አራት ነው።

ጥቅምት 14

ገበያው እንዳለ ደጄ መጣ። በሬ ሊሸጥ የመጣ፣ ምስር ልትገዛ የመጣች፣ ሁሉም።

"ሲተኙ ያንኮራፋሉ?" አለ አንዱ።

"ሲነቁ ምን ይበላሉ?" አለች አንዷ።

የንስሐ አባቴ መምሬ ገብረመስቀል መስቀላቸውን ይዘው መኪናዋን ዞሯት። "ልጄ፣ የሚተኙት አራቱ ተራ አላቸው ወይስ ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው?"

"ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው አሉ፣ መምሬ።"

"ታዲያ ይኼ ፍርድ ነው? አንዱ እየለፋ አንዱ ሲተኛ?" እያዘኑ ሄዱ።

የቀበሌው ሊቀመንበርም መጡ። ነዳጅ ቆጣቢ እንደሆነች ሲሰሙ "ይቺ ልማታዊ መኪና ናት!" አሉ። አሊ ከኋላ ሆኖ "ግማሿ ተኝቶ?" አለ። ሊቀመንበሩ እንዳልሰሙ ሆኑ።

ደብሪቱም መጣች። የባለ ሆቴሉ የጋሽ ታፈረ እኅት፣ ማርና ጧፍ የምትሸጠው። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት ይሆነዋል። የእኔዋ ካረፈች ደግሞ ሰባት።

"ጋሼ ኢያቄም፣ መኪናዎ ተኝታም ትሄዳለች አሉ። ባሌም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደዚያ ነበር" አለችኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስካሁን የምመልስላትን እየፈለግሁ ነው።

ጥቅምት 21

ፈተና። የነዳጅ ጋኗን እስከ አንገቷ ሞላሁ። ሙጃ ደርሼ ተመለስኩ። እንደገና እስከ አንገቷ ሞላሁና የገባውን ለካሁ። በአንድ ሊትር አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም!

ስህተት አለ። የሙጃ መንገድ ዳገት ስለሆነ ይሆናል። ስመለስ ቁልቁለት ይሆናል ብዬ ነበር፤ ስመለስም ዳገት ነው። መሄጃውም መመለሻውም ዳገት የሆነ መንገድ ከላስታ ሌላ የት አለ?

መንገዱን ሙሉ 8፣ 8፣ 8። ማን ይተኛል እዚህ አገር...

ጥቅምት 23

መፍትሔ ተገኘ። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሜዳ አለ። አስፋልት፣ ለጥ ያለ። እዚያ ስደርስ መስኮቷ 4 አለች! እንዴት ያለች ቆንጆ አራት! ደግሜ ላያት ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ። ደግሞ ተመለስኩ። የማረፊያው ዘበኛ አውሮፕላን ያመለጠኝ መስሎት "ጋሼ፣ የዛሬው በረራ ሄዷል" አለኝ።

አራቱ ሲተኙ ለማየት ብዬ ቤንዚኑን ጨረስኩት። ቆጠባውን ያየሁበት ቀን ከሁሉ በላይ ያቃጠልኩበት ቀን ሆነ።

ኅዳር 4

አሊ "እግርህ ከባድ ነው" አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ጫማዬን አውልቄ እነዳለሁ። የኋላውን ወንበርም ነቅዬ እቤት አስገባሁት። እንግዳ ሲመጣ ይቀመጥበታል። ለስላሳ ነው።

ኅዳር 16

አሊ ሌላ ምክር ሰጠኝ። "ከነዳጅ መርገጫው ሥር እንቁላል አለ ብለህ ንዳ። እንዳይሰበር የምትሳሳለትን ያህል ቀስ ብለህ እርገጥ።"

አለ ብዬ ከምነዳ ለምን አላኖርም? ነገ።

ኅዳር 17

ውይ ጉዴ።

እንቁላሉ እስከ ነአኩቶ ለአብ መታጠፊያ ድረስ ደኅና ሄደ። እዚያ አንዲት አህያ ዘላ ገባች። ረገጥኩ... የረገጥኩት ግን ፍሬኑን ብቻ አልነበረም። ባዶ እግሬ አስኳል በአስኳል ሆነ። ወርጄ መንገድ ዳር ተቀምጬ በጣቴ ስጠርግ፣ ከበላዬ ጥላ አረፈብኝ። ቀና ብል መምሬ ገብረመስቀል።

ጾመ ነቢያት ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

"ኢያቄም! እንቁላል?"

"መምሬ፣ ለአፌ አይደለም። ለእግሬ ነው።"

"እግርህም ይጹም" አሉና ሄዱ።

ኅዳር 18

ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ደብሪቱ ሱቋ በር ላይ ቆማ "ጋሼ ኢያቄም፣ ጾም ሲገባ በእግርዎ ይበላሉ አሉ" አለችኝ። ምን ማለት ነበረብኝ? "አዎ" አልኳት። ለምን አዎ አልኩ?

ኅዳር 26

እንግዳ ነገር ተከሰተ። ልብ ብዬ ልጻፈው።

ደብሪቱን አውሮፕላን ማረፊያው ጋ አገኘኋት። ለመንገደኛ ማር አድርሳ በእግሯ ልትመለስ ነው። ግቢ አልኳት፤ ገባች። ለጥ ያለው አስፋልት ላይ ነን። ሁልጊዜ 4 የሚልበት ቦታ። "ጋሼ ኢያቄም" አለች። 8!

ዝም አለች። ቆይቶ 4።

"ዘንድሮ ቀፎዎቼ ሰነፉ" አለች። 8።

ስለ ቀፎ እኔ ምን አገባኝ?

ክብደቷ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ግን ሦስት ኩንታል ሽንኩርት እና አሊን ጭኜ እዚያው ሜዳ ላይ 4 ነበረች። አሊ መንገዱን ሙሉ እያወራ! ደብሪቱ ደግሞ ቀጭን ናት። በጣም እንኳ አይደለችም። ልክ ናት።

ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ይሆናል። ማስመርመር አለብኝ።

ታኅሣሥ 10

ደብሪቱን ለሦስተኛ ጊዜ አሳፈርኳት። ለምርመራ ነው። ውጤቱ ያው። ስትስቅ ደግሞ 8 ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ ያጓራል።

ታኅሣሥ 12

ስለ ነገሩ አሊን አማከርኩት። መኪና ያውቃል ብዬ። እየሰማኝ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። የታመመ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው።

"ሲሊንደሩ አይደለም ወንድሜ" አለ እንባውን እየጠረገ። "እሷ ስትናገር የምትረግጠው አንተ ነህ። እግርህ ነው። እግርህን የሚያዝዘው ደግሞ ይኸውልህ፣ ከፍ ብሎ ነው" ብሎ ደረቴን በጣቱ ነካኝ።

እንደ አሊ ያለ ሰው ሳይንስ አይገባውም።

ታኅሣሥ 13

ሌሊቱን አልተኛሁም። አራቱም አልተኙም።

ታኅሣሥ 30

ልደት በደኅና ዋለ። ከተማው በእንግዳ ተጥለቅልቆ መኪናዋን ማዞሪያ አጣሁ። ሳምንት ሙሉ ቆማ ሰነበተች። ቆማ ስትውል ጠብታ አትጠጣም። እስካሁን ካገኘሁት ውጤት ሁሉ የተሻለው ይኼ ነው።

ጥር 4

ጋሽ ታፈረ እኔንና አሊን ሆቴላቸው አስጠሩን። ለከተማው ሆቴሎች በየሳምንቱ ከወልድያ አትክልትና ለስላሳ የሚያመጣ አንድ ቋሚ መኪና ይፈልጋሉ። "ጠጪ አልፈልግም" አሉ። "ሰውም ሆነ መኪና።"

"የእኔ አራቱ ይተኛሉ" አልኩ።

"የእኔ አርጅታለች፤ ብዙ መጠጣት አይሆንላትም" አለ አሊ።

ፈረዱ። ሁለታችንም ታንካችንን አድርቀን አርባ አርባ ሊትር ይቀዳልናል። ለእኔ ቤንዚን፣ ለእሱ ናፍጣ። ወልድያ ደርሰን፣ እኩል ጭነን እንመለሳለን። ብዙ የተረፈው ሥራውን ይይዛል። በየመኪናው ታዛቢ ይቀመጣል። እኔ ለአሊ መኪና መምሬ ገብረመስቀልን መረጥኩ፤ እሳቸው አያዳሉም። አሊ ለእኔ መኪና ማንን ቢመርጥ ጥሩ ነው?

"ደብሪቱን" አለ፤ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ።

ይኼ ጠላትነት ነው!

ጥር 16

ነገ ነው። አጭር ጸሎት። ጌታ ሆይ፣ ነገ ዝም አስብላት። ...አይ፣ ይኼ ጸሎት አይደለም። እግሬን ጠብቅልኝ።

ጥር 18

ትናንትን ልጻፍ። ሁሉንም።

ማልደን ወጣን። ደብሪቱ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፤ እኔ ባዶ እግሬን። ሳልነዳ ነው ሕጌን የነገርኳት። "ደብሪቱ፣ ዛሬ ባንነጋገር ደግ ነው። ሞተሩን ይረብሻል።"

"ወሬ ሞተር ይረብሻል?"

"ይቺ ሞተር ኮምፒውተር አላት።"

እሺ አለች። እስከ ኩልመስክ ዝም ብላ ሄደች። እኔም ዝም። ግን ዝም ስትል ደግሞ ምን እያሰበች ይሆን ብዬ አሰብኩ። 8።

ከድልብ ወርደን መንገዱ ወደ ወልድያ ሲለጥ ዓይኗ ትንሿን መስኮት ላይ እንደወደቀ አየሁ። "ይቺ ቁጥር ምንድን ናት? አንዴ አራት አንዴ ስምንት የምትለው?" 8። መዋሸት አልችልበትም። ስለሚተኙትና ስለሚነቁት ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ቆየች። ቁጥሯ 4 አለች።

"ጋሼ ኢያቄም" አለች በቀስታ።

8።

ዝም። 4።

"ጋሼ ኢያቄም።"

8።

አፏን በነጠላዋ ሸፍና መሳቅ ጀመረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። "ጋሼ ኢያቄም! ጋሼ ኢያቄም! ጋሼ ኢያቄም!" መኪናዋ እንደ ጥይት ተተኮሰች። አሊንና መምሬን አልፈናቸው ሄድን፤ መምሬ በመስኮት ሲያማትቡ አየኋቸው።

ወልድያ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ለስላሳ ጫንን። አሊ ገና ሲጭን ቀድሜ ወጣሁ። የነዳጁ መርፌ ከግማሽ በታች ናት። ድልብን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ደብሪቱ "ይቺ መርፌስ ወዴት ነው የምትወርደው?" አለች።

"ዳገት ላይ ስለሆንን ነው። ነዳጁ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ነው።"

ተንሸራትቶ አልነበረም። አልቆ ነው። ከጠባቡ መታጠፊያ ላይ ሞተሯ አንዴ ሳል አለችና ቀጥ። መሪው ድንጋይ ሆነብኝ። ስምንቱም ተኙ።

ወዲያው ከኋላችን አውቶቡስ መጣ። ማለፊያ የለውም። ጡሩምባ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ምክር። አንድ ገበሬ ከበላያችን አውድማ ላይ እህል ሲያበራይ አይቶን ኖሮ፣ ጥንድ በሬዎቹን ፈትቶ ወረደ። ገመድ አሰርን። "ሃይ! ሃይ!" ሁለት በሬ ስምንት ሲሊንደር መኪና ጎተተ። ተሳፋሪው ከኋላ ገፋ። እኔ መሪ ይዣለሁ፤ ደብሪቱ ከበሬዎቹ ጎን እየሄደች ታበረታታለች። ሜዳው ላይ ሲያደርሱን ገበሬው የበሬዎቹን ጀርባ መታ መታ አድርጎ "ምን ይበላል ይኼ ነገር?" አለኝ።

"ቤንዚን።"

"ጭድ ይብላ" አለና ሄደ።

አሊ ደረሰ። ጀሪካን ነበረው፤ ግን ናፍጣ ነው፣ ለእኔዋ አይሆንም። "አብሽር፣ ከኩልመስክ ቤንዚን ፈልጌ እመለሳለሁ" አለ። መምሬም "እኔም አብሬው ልሂድ፤ ታዛቢ ነኝና" አሉ። ደብሪቱ ግን "እኔም ታዛቢ ነኝ" ብላ ቀረች።

ነፋሱ ይቀዘቅዛል። የቲማቲም ሣጥን ላይ ተቀመጥን። አንድ አንድ ቲማቲም በላን።

"ይቺ ስምንት" አለች፣ "ለተሳፋሪ ሁሉ ነው የምትወጣው?"

"ዳገት ስለሆነ ነው።"

"ሜዳ ላይም ወጥታለች።"

"...አዎ።"

"አሊ ሲሳፈርስ?"

"ለአሊ አራት ናት።"

"መምሬ ሲሳፈሩስ?"

"አራት።"

ቲማቲሟን እያገላበጠች አየች። ከዚያ ቀና ብላ ሳትስቅ "አንተ ኢያቄም" አለችኝ። 'ጋሼ' የለም። 'እርስዎ' የለም። አንተ! "ይኼን ሁሉ ቤንዚን ከምታቃጥል አፍ አልነበረህም?"

እግዚአብሔር ይመስገን ሞተሩ ጠፍቶ ነበር።

"ፈርቼ" አልኳት።

"እኔም ሦስት ጊዜ ያንን ሁሉ መንገድ ለማር ብዬ የሄድኩ መስሎሃል?"

ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አልጽፈውም። የራሴ ነው። ቅዝቃዜው ግን ጠፋ።

አሊ ቤንዚኑን ይዞ መጣ። ሲመሽ ላሊበላ ገባን። አሊ ሩብ ያህል ናፍጣ ተርፎታል። እኔ በበሬ ተጎትቼ መጥቻለሁ። ጋሽ ታፈረ ምንም መለካት አላስፈለጋቸውም።

ጥር 20

አሊና መምሬ አንድ ላይ ቤቴ መጡ። ተጠራጠርኩ። ለካ ከወልድያ እስከ ላሊበላ ሲመክሩ ነው የመጡት። "ሽማግሌ ሆነን እንሂድልህ ወይ?" አሉኝ። አሊ ሳልጠይቀው "ወላሂ፣ ታዛቢ ስመርጥ አስቤው ነው" አለ። ጠላት ያልኩት ሰው...

ጥር 23

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዱ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው፣ አሊ አዲስ ኮፍያውን አድርጎ። ጋሽ ታፈረ ተቀበሏቸው፣ አስቀመጧቸው፣ ሰሟቸው። መልሳቸው ይኼ ነው፦ "ኢያቄምን እወደዋለሁ። ግን እኅቴን ለአባካኝ አልሰጥም። ያቺን ጠጪ ይሽጥና ይምጣ።"

አሊ ይኼን ሲነግረኝ በመስኮት መኪናዋን አየኋት። ነጭ። ፀሐይ አርፎባት።

"አንድ ቀን ላስብበት" አልኩ።

አሊ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አደረገ። "ምን አልክ?"

"አንድ ቀን ብቻ..."

"ያ ረቢ" አለ። ወጥቶ ሄደ።

ጥር 24

ሽጬ እመጣለሁ ልላት ሄድኩ። ሱቋ ውስጥ ጧፍ ትነክራለች። ቀና አላለችም።

"ምን ልርዳዎት?"

ልርዳዎት! ልርዳህ አይደለም። ልርዳዎት!

"ደብሪቱ፣ እኔ..."

"ስንት ቀን አሰቡ ጋሼ?"

"አንድ። ግማሽ እንኳ አልሞላም።"

"ለጧፍ ከሆነ አለ። ለማር ከሆነ አልቋል።"

ጧፍ ገዝቼ ወጣሁ። ከ'አንተ' ወደ 'እርስዎ'... የላስታን ቁልቁለት ሁሉ አውቃለሁ፤ እንደዚህ ያለ አላየሁም።

የካቲት 1

ዐቢይ ጾም ገባ። ለመኪናዋ ገዢ አላገኘሁም፤ በየቀኑ ጧፍ እገዛለሁ። በየቀኑ "እግዜር ይስጥልን ጋሼ" ትለኛለች። ቤቴ ቤተ ክርስቲያን መሰለ።

የካቲት 19

መምሬ ያን ሁሉ ጧፍ ሲያዩ "ለየትኛው ታቦት ነው?" አሉ። "ለደብሪቱ" አልኩ። እሽጉን አንስተው ይዘውልኝ ሄዱ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ።

መጋቢት 8

ከቆቦ ሐምዳን የሚባል የማሽላ ነጋዴ መጣ። መኪናዋን አሊ ነው የነገረው። ወጣት፣ ፈገግተኛ።

አልደበቅሁትም። "ጠጪ ናት" አልኩት። "ዳገት አትወድም። አራቱ ይተኛሉ ይላሉ፤ እዚህ አገር ግን እንቅልፍ የሚወስደው የለም።"

"የእኛ አገር ሜዳ ነው ጋሼ። ከቆቦ ወደየትም ብትሄድ እንደ መሶብ ወገብ ጠበብ የሚል ዳገት የለም።"

መሶብና ዳገት ምን እንደሚያገናኛቸው አልገባኝም። ቁልፉን ሰጠሁት። ወንበሯንም ከቤቴ አውጥቼ መለስኩላት። ስትወርድ ቆሜ አየኋት። መታጠፊያው ጋ ፍሬን ያዘች፤ ቀይ መብራቷ በራ። ጠፋች።

አለቀስኩ? አቧራ ነበር።

መጋቢት 9

ሱቅ ሄድኩ። ጧፍ አልገዛሁም። "መኪናዋን ሸጥኳት" አልኩ።

እጇ ቆመ። "ማን ሽጣት አለህ?"

አለህ! አለህ አለችኝ!

"ወንድምሽ..."

"ወንድሜን ነው የምታገባው?"

"አይደለም።"

"እኔ ሽጥ ብያለሁ? እኔ የተናደድኩት 'ላስብበት' ባልከው ነው። መኪናዋ ምን አደረገችኝ? ወንበሯ እንዴት ይመቸኝ ነበር! ቆቦን ታሳየኛለህ ብዬ ነበር እኮ!"

"ላስመልሳት?"

"ተው!" አለችና እንደዚያ ቀን ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔም ጀመርኩ። ደንበኛ ገብታ ሁለታችንን አይታ ወጣች።

መጋቢት 30

ፋሲካ በደስታ አለፈ። ጋሽ ታፈረ ሽማግሌዎቹን ራሳቸው አስጠሩና "እሺ" አሉ። ቀኑ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ተቆረጠ።

ሚያዝያ 12

ከትናንት ወዲያ እሑድ ተጋባን። መምሬ ባረኩን። ድግሱ ጋሽ ታፈረ ሆቴል ነበር፤ ለእነ አሊ ለብቻ በግ ተገዝቶ ራሱ አሊ አረደው። የሩቅ እንግዶቻችንን በዚያች ናፍጣ አመላለሰ። ሙሽሮቹንም በእሷ። ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ እየተንቀጠቀጥን ሄድን። ደብሪቱ የተኳኳለችው ኩል በአንድ በኩል ፈሰሰ። "ይሄኛው ሁሉም ነቅተዋል" አለችኝ በጆሮዬ።

ሚያዝያ 26

ሐምዳን ደወለ። ቆቦ ሜዳ ላይ አራቱ ከጠዋት እስከ ማታ ይተኛሉ አለ።

"ታዲያ ነዳጁ?" አልኩት።

"ይሻላል። በሊትር ሰባት ያህል ትሄዳለች። ግማሽ ግን አይቀንስም ጋሼ። ጥቂት ነው የሚቀንሰው። ግማሽ ብለውኝ ነበር?"

"አላልኩህም። ፈረንጁም አላለም" አልኩት።

ደኅና ናት። እግዚአብሔር ይመስገን።

ግንቦት 8

ደብሪቱ ከሙጃ ገበያ በቅሎ ገዝታ መጣች። ሳታማክረኝ። ማር መጫኛ ናት አለች፤ ሲደክመንም መቀመጫ። ቡላ፣ ረጅም ጆሮ፣ ኩሩ። የምርጫ ቅስቀሳ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በጎኗ ሲያልፍ ዞራ እንኳ አላየችውም።

ከደጃፉ አሰርናት። ገብስ ላቀርብላት ጆንያውን ፈታሁና ጣሳ አነሳሁ። አንድ ጣሳ ጫፍ ድረስ ሞላሁ፤ በእጄ ከላይ አስተካከልኩ።

"ምን እየሠራህ ነው?" አለች ደብሪቱ።

"ዛሬ ዳገት ነው የወጣችው። ዳገት ስትወጣ ስንት እንደምትበላ ለማወቅ ነው። ነገ ደግሞ ሜዳ ስትውል..."

መጥታ ጣሳውን ከእጄ ወሰደች። "ኢያቄም።"

"አቤት።"

"ትብላ።"

አየኋት። በቅሎዋንም አየኋት። ጆንያውን እንዳለ አስጠጋሁላት። አንገቷን እስከ ጆሮዋ አስገባች።

ጎን ለጎን ቆመን አየናት። እንዴት ደስ ብሏት ነው የምትበላው!